ከማወቅ እስከ መውጣት፦ የሶቪየት ጦር በአፍጋኒስታን የቆየባቸው የመጨረሻ ዓመታት

እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 1989 የሶቪየት ኮሚኒስት ፓርቲ ልሳን የነበረው «ፕራቭዳ» ጋዜጣ በአፍጋኒስታን የሞቱትን የሶቪየት ወታደሮች ብዛት ዓመት በዓመት ዘርዝሮ አወጣ። በ1979 መጨረሻ በነበሩት ጥቂት ቀናት 86፣ በ1980 1,484፣ በ1981 1,298፣ በ1982 1,948፣ በ1983 1,446፣ በ1984 2,343፣ በ1985 1,868፣ በ1986 1,333፣ በ1987 1,215፣ በ1988 759፣ ጦሩ ለቆ በወጣበት በ1989 ደግሞ 53። ድምሩ 13,833 ይመጣል። ኋላ ላይ የተሠሩ ስሌቶች ቁጥሩን ወደ 15,000 ገደማ አድርሰውታል።

ይህን ዝርዝር ብቻውን ላነበበው ሰው ከ1984 በኋላ እየቀለለ የሄደ ጦርነት ይመስለዋል። የፓርቲው የበላይ አካል ከነበረው ከፖሊት ቢሮው ቃለ ጉባኤዎች ጋር አስተያይቶ ላነበበው ግን ሌላ ታሪክ ይነግረዋል። ሚካኤል ጎርባቾቭ ሥልጣን የያዘው በማርች 1985 ነው። ፖሊት ቢሮው ጦሩ በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት ውስጥ ይውጣ ብሎ የተስማማው ኖቬምበር 13 ቀን 1986 ነው። ከዚህ ስምምነት በኋላ፣ ከ1987 መባቻ ጀምሮ የመጨረሻው ወታደር ድንበር እስኪሻገር ድረስ፣ በዚያው በ«ፕራቭዳ» ቁጥር 2,027 ሰው ሞቷል። እነዚህ ወጣቶች የሞቱት ድል ለማምጣት አልነበረም። የላኳቸው ሰዎች ድል እንደሌለ አውቀው፣ ነገር ግን እንዴት እንደሚወጡ ገና እየተማከሩ ሳለ ነው የሞቱት።

ስለ አፍጋኒስታን ጦርነት የተጻፈው አብዛኛው ነገር በሁለት ጥያቄዎች ላይ ያተኩራል፤ ለምን ገቡ? ለምን ተሸነፉ? በእኔ እምነት ከሁለቱም ይልቅ ሊመረመር የሚገባው በመካከል ያለው ጊዜ ነው፤ መሪዎች ጦርነቱ እንደማያዋጣ ካወቁበት ቀን እስከ ወጡበት ቀን ያለው ጊዜ። ያንን ጊዜ ያራዘሙት ምክንያቶች በየዘመኑና በየአገሩ ስማቸውን እየለዋወጡ ተመልሰው ስለሚመጡ ነው ምርመራው የሚያስፈልገው።

ማወቁ ራሱ ከመግባቱ ይቀድማል። በማርች 1979 በሄራት ከተማ ዓመፅ ሲነሳ የካቡሉ መሪ ኑር መሐመድ ታራኪ ሞስኮ ጦር እንድትልክለት ተማጽኖ ነበር። ፖሊት ቢሮው ሦስት ቀን ተወያይቶ እምቢ አለ። በዚያ ውይይት ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አንድሬ ግሮሚኮ ጦራችን ከገባ ወራሪ ይባላል፣ የሚዋጋውም ከሁሉ አስቀድሞ ከአፍጋን ሕዝብ ጋር ይሆናል የሚል ክርክር አቅርቧል። የኬጂቢው አለቃ ዩሪ አንድሮፖቭም በዚያ አገር አብዮት በሶቪየት ሳንጃ ሊቆም እንደማይችል ተናግሯል። ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1979፣ እነዚሁ ሰዎች ጦር እንዲገባ ወሰኑ። ውሳኔው በእጅ ጽሑፍ በአንድ ገጽ ሲሰፍር የአገሪቱ ስም እንኳ አልተጻፈም፤ «አ» ብቻ ተብላ ታለፈች። ዲሴምበር 27 ማታ የሶቪየት ኮማንዶዎች የታጅቤግን ቤተ መንግሥት ሰብረው ገብተው በዚያን ጊዜ የካቡል መሪ የነበረውን ሐፊዙላህ አሚንን ገደሉ፤ ባብራክ ካርማልም ተተካ። የማርቹ ማስጠንቀቂያ ቃል በቃል እስኪፈጸም ብዙ አልቆየም።

የሞት ቁጥር ሲጨምር መንግሥት የመጀመሪያ ሥራው ቁጥሩን መደበቅ ነው። ስለዚህ ነገር ከጁላይ 30 ቀን 1981 የፖሊት ቢሮ ስብሰባ የበለጠ ገላጭ ሰነድ አላውቅም። የፖሊት ቢሮው አባል ሚካኤል ሱስሎቭ ያቀረበው ጉዳይ ለእያንዳንዱ የሟች ቤተሰብ ለመቃብር ሐውልት 1,000 ሩብል ይሰጥ የሚል ሐሳብ ነበር። ሱስሎቭ ገንዘቡ አላሳሰበውም። ያሳሰበው በድንጋዩ ላይ የሚጻፈው ነው፤ በአንዳንድ መካነ መቃብር እንዲህ ያለ ሐውልት ብዙ ሊሆን ይችላልና ከፖለቲካ አንጻር ደግ አይደለም አለ። አንድሮፖቭ ተስማማ፤ በክብር ይቀበሩ፣ መታሰቢያው ግን ገና ነው። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ከአፍጋኒስታን የመጣው የታሸገ የዚንክ ሬሳ ሣጥን ቤተሰቡ እንዳይከፍተው ታዝዞ ሲቀበር፣ በድንጋዩ ላይ የሚጻፈው ሟቹ «ዓለም አቀፋዊ ግዴታውን ሲወጣ» መሞቱ ነበር። የት አገር፣ በምን ጦርነት የሚለው አይጻፍም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ እነዚያ ሽማግሌዎች በክፋት ብቻ የተናገሩ አይመስለኝም። እያንዳንዱ መቃብር ላይ «አፍጋኒስታን» ተብሎ ቢጻፍ፣ እሑድ እሑድ ሻማ ልታበራ የምትሄድ እናት ከጎኗ ያለውን ድንጋይ ታነባለች፤ ሦስተኛውንም ታነባለች፤ ከዚያም ትቆጥራለች። ሱስሎቭ የፈራው ይህን ቆጠራ ነው። መቁጠር የማይችል ሕዝብ ደግሞ ጦር ይውጣ አይውጣ ብሎ ሊከራከር አይችልም። የፊዚክስ ሊቁ አንድሬ ሳካሮቭ ወረራውን በአደባባይ ስለ ተቃወመ በጃንዋሪ 1980 ወደ ጎርኪ ከተማ ተግዞ ስለነበር በአገሪቱ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚቆጥር ሰው አልቀረም። ሞስኮ ድምሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም የተናገረችው በሜይ 1988 ነው፤ 13,310 ሙት፣ 35,478 ቁስለኛ፣ 311 የደረሱበት ያልታወቀ። ያን ጊዜ ጦሩ መውጣት ጀምሮ ነበር። ቁጥሩ ይፋ የሆነው ውሳኔውን ሊለውጥ በማይችልበት ሰዓት ነው ማለት ነው። የእኛም አገር አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም፤ ከዲሴምበር 2006 እስከ ጃንዋሪ 2009 ሶማሊያ በቆየው ጦራችን ውስጥ ስንት ሰው እንደሞተ በወቅቱ ለሕዝብ አልተነገረም።

የሆነ ሆኖ እናቶች ጻፉ። በኦክቶበር 1985 ጎርባቾቭ ለፖሊት ቢሮው አባላት ለማዕከላዊ ኮሚቴ ከደረሱት ደብዳቤዎች እየመረጠ አነበበላቸው። ኋላ አማካሪው የሆነው አናቶሊ ቼርንያዬቭ በማስታወሻው እንዳሰፈረው ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ ልጆቻችን የሚሞቱት ለምንድን ነው፣ አፍጋኖች ራሳቸው ይህን ይፈልጋሉ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ለሚያዙት ወታደር የመዝመቱን ምክንያት ማስረዳት አቅቶናል ያሉ መኮንኖችም ነበሩ። በሰብሳቢው ወንበር የተቀመጠ ሰው እነዚህን ደብዳቤዎች ያነበበው ለመውጣት ስላሰበ ነው። ግን የወጣው ከሦስት ዓመት ከአራት ወር በኋላ ነው።

በኖቬምበር 1986ቱ ስብሰባ ላይ የጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ማርሻል ሰርጌይ አኽሮሜየቭ የተናገረውን ነገር ማንኛውም የጦር ታሪክ ተማሪ ሊያነበው ይገባል። የሶቪየት ወታደር እግሩ ያልረገጠው የአፍጋኒስታን መሬት የለም፣ ሆኖም አብዛኛው ግዛት በአማፅያን እጅ ነው አለ። የተሰጠው ወታደራዊ ተልዕኮ ሁሉ ተፈጽሟል፣ ውጤት ግን የለም። 50,000 ወታደር ድንበር ለመዝጋት ተሰልፏል፣ ድንበሩ ግን አልተዘጋም። የፓንጅሺር ሸለቆ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። የሶቪየት ጦር በአማፅያኑ አዛዥ በአሕመድ ሻህ መሱድ ላይ ከ1980 እስከ 1985 ወደዚያ ሸለቆ ዘጠኝ ጊዜ ያህል ዘምቷል፤ በየጊዜው ሸለቆውን ይዟል፣ በየጊዜውም ለቆ ወጥቷል። መሱድም በየጊዜው ተመልሶ ገብቷል። ማርሻሉ ይህን ሲናገር የሚቃወመው አልነበረም። እንግዲህ ሁሉም ካወቁ ለምን ቆዩ?

ጎርባቾቭ በፌብሩዋሪ 1987 ለፖሊት ቢሮው የሰጠው መልስ በቼርንያዬቭ ማስታወሻ ተመዝግቧል፤ በውስጡም ሁለት ምክንያቶች ተጣምረዋል። አንደኛው ክብር ነው። ሁሉን ነገር ትተን፣ ጥፋቱን በቀድሞዎቹ ላይ ጥለን ልንወጣ እንችል ነበር፤ ግን ሕንድ ትሰጋለች፣ አፍሪካም ትሰጋለች፤ ለብሔራዊ ነፃነት ትግሎች መከታ ነው የሚባለው ስማችን ይጎዳል አለ።

አፍሪካ ሲል ኢትዮጵያንም ማለቱ እንደነበር መጠራጠር አያስፈልግም። ጃንዋሪ 14 ቀን 1980 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የውጭ ጦር ከአፍጋኒስታን ይውጣ የሚለውን ውሳኔ በ104 ድምፅ ሲያጸድቅ ከተቃወሙት 18 አገሮች አንዷ የደርግ ኢትዮጵያ ነበረች። ዓለም አቀፋዊነት የሚባለው ቃል በሞስኮ የመቃብር ድንጋይ ላይ በዋለበት ዘመን በአዲስ አበባ ሰልፍ ላይም ይውል ነበር። ከሶቪየት ጦር መሣሪያ ይቀበል የነበረ መንግሥታችን በኒው ዮርክ የሰጠው ድምፅ፣ አንድ የራያዛን ወይም የታሽከንት ልጅ በካንዳሃር እንዲቆይ ከተቆጠሩት ምክንያቶች ውስጥ ጥቂት ድርሻ ነበረው። ያንን ድምፅ የሰጠነው እኛ ሳንጠየቅ ነው፤ ቢሆንም በስማችን ነው የተሰጠው። የምክንያቱን ክብደት ለመመዘን ደግሞ ቀጥሎ የሆነውን ማየት ይበቃል፤ ያው ሞስኮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለመንግሥቱ ኃይለማርያም የምትሰጠውን መሣሪያ ቀነሰች፣ በኋላም አቆመች። አፍሪካ ትሰጋለች ብሎ ጦሩን ያቆየ መንግሥት፣ አፍሪካን ራሷን መተው ባስፈለገው ጊዜ ብዙ አላመነታም።

ሁለተኛው ምክንያት ደም ነው። አንድ ሚሊዮን ወታደራችን በአፍጋኒስታን አልፏል፣ ይህን ሁሉ ኪሳራ ከከፈልን በኋላ ለምን ሳንጨርስ እንደወጣን ለሕዝባችን ማስረዳት አንችልም አለ ጎርባቾቭ። ጦር ባለበት አገር ሁሉ የሚነገር ክርክር ነው፤ የሞቱት ደማቸው ደመ ከልብ ሆኖ እንዳይቀር መዋጋት አለብን የሚል። ከሁሉ በላይ የሚነካ ክርክር ይህ ነው፤ ሐዘንተኛ እናት ፊት ቆሞ ልጅሽ በከንቱ ሞተ ማለት የሚችል ማን ነው? ግን ምን እንደሚል በጥሞና እንይ። ትናንት የሞተው ሰው ነገ ለሚሞተው ሰው ምክንያት ይሆናል። ሟቹ በበዛ ቁጥር ምክንያቱ ይጠነክራል። ስለዚህ በዚህ ክርክር ከሄድን ጦርነቱ እየከፋ በሄደ መጠን መውጣት እየከበደ ይሄዳል፤ ማቆም የሚቀለው ማንም ሳይሞት በፊት ብቻ ነው። የሞቱትን ማክበር እና ሌሎችን ለሞት መላክ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የፖሊት ቢሮው ሰዎች በ1981 የመቃብር መታሰቢያ ነፍገው ያላከበሯቸውን ሙታን በ1987 ለመቆየት ምክንያት አድርገው መጥራታቸው እንኳ ይህን ያሳያል።

በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ ያልገባ አንድ ቁጥር አለ፤ የአፍጋኖች ቁጥር። በዚያ ጦርነት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚገመት አፍጋን ሞቷል፤ ከ5 ሚሊዮን በላይ ወደ ፓኪስታንና ወደ ኢራን ተሰዷል። «ፕራቭዳ» ስለ እነሱ ሠንጠረዥ አላወጣም። ወራሪ አገር ስለ መውጣት ሲከራከር የሚቆጥረው የራሱን ሬሳ ብቻ ስለሆነ፣ የራሱ ሟች በቀነሰ ጊዜ ጦርነቱ የቀለለ ይመስለዋል። መድፍና አውሮፕላን በእግረኛ ፋንታ ሲሠራ የ«ፕራቭዳ» ሠንጠረዥ ይሻሻላል፤ የመንደሩ መቃብር ግን አይሻሻልም።

የዚህ አሳዛኝ ማስረጃ የጦሩ መውጫ ራሱ ነው። ጦሩ የሚወጣበትን ጊዜ የወሰነው የጄኔቫው ስምምነት ኤፕሪል 14 ቀን 1988 ተፈረመ፤ መውጣቱ ሜይ 15 ጀመረ። የመጨረሻው ሰልፍ የሚያልፍበት የሳላንግ መንገድ በመሱድ ሰዎች ተከቦ ስለነበር የሶቪየት መኮንኖች ከመሱድ ጋር ተግባብተው ነበር፤ አትተኩሱብን፣ አንተኩስባችሁም፣ እንወጣለን። በካርማል ፋንታ የተተካው የካቡሉ መሪ ናጂቡላህ በዚህ አልተደሰተም፤ ዋናው ጠላቴ ሳይነካ ትተውልኝ ሊሄዱ ነው ብሎ ሞስኮ ላይ ጫነ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኤድዋርድ ሼቫርድናድዜም ወደ እሱ አዘነበለ። ከጃንዋሪ 23 እስከ 25 ቀን 1989፣ ጦሩ ሙሉ ለሙሉ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ «ታይፉን» በተባለ ዘመቻ በሳላንግ ግራና ቀኝ ያሉ መንደሮች በመድፍና በአውሮፕላን ተደበደቡ። በመሬት ላይ የነበሩ አዛዦች ተቃውመው ነበር፤ ትእዛዙ ግን ተፈጸመ። በክረምቱ በረዶ ውስጥ ሴቶችና ሕፃናት ሞቱ። መንገዱ አስቀድሞ ሰላም ስለነበር ዘመቻው መንገድ ለመክፈት አይደለም፤ ለሚቀረው ወዳጅ የተሰጠ የመሰናበቻ ውለታ ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን በመንገዱ ዳር የሚኖሩት ናቸው። ፌብሩዋሪ 15 ቀን ጄኔራል ቦሪስ ግሮሞቭ በአሙ ዳርያ ወንዝ ላይ ያለውን ድልድይ ተሻግሮ ተርሜዝ ሲገባ የዓለም ካሜራ ሁሉ እዚያ ነበር። ሳላንግ ላይ ግን ካሜራ አልነበረም።

በዲሴምበር 1989 የሶቪየት ሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ጦር የተላከበትን ውሳኔ ከሞራልም ከፖለቲካም አንጻር የሚወገዝ ነው ብሎ ፈረደ። ተጠያቂ ተብለው የተጠሩት በወረራው ጊዜ የአገሪቱ መሪ የነበረው ብሬዥኔቭ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ኡስቲኖቭ፣ አንድሮፖቭና ግሮሚኮ ናቸው። የመጨረሻው ግሮሚኮ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ስለ ሞተ አራቱም በሕይወት አልነበሩም። ውግዘቱ ትክክል ነው። ግን የፈረደው በመግባት ላይ ብቻ ነው፤ ካወቁ በኋላ ስለ መቆየት የተጠየቀ ሕያው ሰው የለም። ለዚህም ነው ይህ መካከለኛ ጊዜ በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ባለቤት አጥቶ የቀረው።

ከመቆያ ምክንያቶች ሁሉ እውነተኛ የሞራል ክብደት ያለው ሦስተኛው ነው፤ አምነውን ከጎናችን የቆሙትን እንዴት ጥለን እንሄዳለን የሚለው። የካቡል መምህርት፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሴት ልጁን ያስተማረ አባት፣ የጦር መኮንኑ፣ አስተርጓሚው፤ እነዚህ ሰዎች እውነተኛ ናቸው፣ ሥጋታቸውም እውነተኛ ነው። ጦሩ ሲወጣ ናጂቡላህ በወራት ውስጥ ይወድቃል ብለው የምዕራብ ታዛቢዎች ብቻ ሳይሆኑ በሞስኮም ብዙዎች ገምተው ነበር። አልወደቀም። በማርች 1989 ሙጃሂዲን የሚባሉት አማፅያን በፓኪስታን ድጋፍ ጃላላባድን ሊይዙ ሲመጡ የአፍጋን ጦር ያለ አንድ የሶቪየት እግረኛ መክቶ መለሳቸው። በማርች 1990 ናጂቡላህ የገዛ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሻህናዋዝ ታናይ ያደረገውን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራም ተቋቋመ። ያቆመው የሞስኮ ነዳጅ፣ ስንዴ፣ ሚሳይልና ገንዘብ ነበር፤ የማይቋረጥ የአየር ድልድይ ወደ ካቡል ይመላለስ ነበር። ሞስኮና ዋሽንግተን በሴፕቴምበር 1991 ለሁለቱም ወገን መሣሪያ ላለመስጠት ሲስማሙና ስምምነቱ በጃንዋሪ 1992 ሥራ ላይ ሲውል ግን የሰሜኑ ሚሊሺያ አዛዥ አብዱል ራሺድ ዶስቱም ከዳ፤ ናጂቡላህ በኤፕሪል ወደ ተባበሩት መንግሥታት ግቢ ገብቶ ተጠለለ። ታሊባን በሴፕቴምበር 1996 ካቡልን ሲይዝ ከዚያ አውጥቶ ገደለው።

ከዚህ የምወስደው ፍርድ ግልጽ ነው። አምነው የቆሙትን ሰዎች ከሦስት ዓመት በላይ ያቆየው የወታደር መኖር አልነበረም፤ የድጋፉ መቀጠል ነበር። ስለዚህ ወዳጆቻችንን አንጥልም የሚለው ክርክር፣ እውነተኛ ከሆነ፣ ጦር ይቆይ ማለት አይደለም፤ ከጦሩ ጋር ምን አብሮ እንዳይወጣ የሚለውን ጥያቄ በጊዜ ማንሳት ነው። ይህን በሞስኮ ያነሱት በጣም ዘግይተው፣ ያቆሙትም በገዛ አገራቸው መፍረስ ምክንያት ነው።

አሜሪካ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በዚያው አገር ያደረገችው የዚህ ተቃራኒ ነው። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 በዶሃ ከታሊባን ጋር የተፈረመው ስምምነት የካቡልን መንግሥት ወገን አላደረገም፤ ይልቁንም 5,000 የታሊባን እስረኞችን እንዲፈታ አስገደደው። የአፍጋን አየር ኃይልን አውሮፕላኖች የሚጠግኑት በአብዛኛው የውጭ ተቋራጮች ስለነበሩ ጦሩ ሲወጣ እነሱም ወጡ፤ አውሮፕላን ያለ ጠጋኝ ቀረ። በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ መውጣትን የሚደግፈውም የሚቃወመውም ስለ አሜሪካውያን ሟቾች ነበር የሚከራከረው፤ ከዶሃ በኋላ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል በውጊያ የሞተ አሜሪካዊ ስላልነበር መቆየት ርካሽ ነው ያለ ነበር፣ መውጣት ጊዜው ነው ያለም ነበር። በዚያው ጊዜ የአፍጋን ወታደርና ፖሊስ በየኬላው ይሞት ነበር፤ በሃያው ዓመት ጦርነት ውስጥ ከእነሱ የሞተው ከ60,000 በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ካቡል ኦገስት 15 ቀን 2021 ወደቀች፤ ኦገስት 26 በአየር ማረፊያው አቤይ በር ላይ በደረሰው ፍንዳታ 13 የአሜሪካ ወታደሮችና ወደ 170 አፍጋኖች ሞቱ። ከአፍጋኖቹ መካከል በእጃቸው ወረቀት የያዙ፣ ቪዛ ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ነበሩ።

አሜሪካ መውጣቷ ስህተት ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በ2009 የፕሬዚዳንት ኦባማ አስተዳደር ተጨማሪ 30,000 ወታደር ለመላክ ሲወስን በዚያው ስብሰባ ላይ የነበሩ ሰዎች ምን ያህል እንደተጠራጠሩ ኋላ በየማስታወሻ መጽሐፋቸው ጽፈዋል። አኽሮሜየቭ በ1986 የተናገረውን ዓይነት ነገር በ2009 የተናገረ ሰው ነበረ ማለት ነው። ስህተቱ ከ2009 እስከ 2021 በነበረው ጊዜ ውስጥ፣ ሁሉም እያወቀ፣ መውጫው ምን ይመስላል ብሎ የተዘጋጀ አለመኖሩ ነው፤ ለአስተርጓሚዎች የሚሰጠው ልዩ ቪዛ ሕግ ከወጣ ከዓመታት በኋላም ማመልከቻው በየጠረጴዛው ተቆልሎ ነበር። ወታደር በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊወጣ ይችላል። አንድ የቪዛ ፋይል መርምሮ ለመጨረስ ግን ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። ጦር ይውጣ አይውጣ የሚለውን ክርክር የሚያደርግ ፓርላማ ከመውጫው ቀን በፊት ይህን ፋይል፣ የጠጋኙን ውል፣ የስንዴውንና የነዳጁን በጀት በአጀንዳው ላይ ካላሰፈረ፣ ስለ ወዳጆቹ የሚናገረው ሁሉ ለገዛ ሕሊናው የሚነገር ነው።